ነቀዝ የበላው

ዓባይ ከጣና አፍ ሲወጣ ሲጀምር፣
ጥቁር ድንጋይ አለ ተጋድሞ ከዳር ዳር፤
ፊቱ ተበሳስቶ መስሎ የጤፍ ወንፊት፣
ሴቶች ያጠቡትን ልብስ የሚያሰጡበት፣
አሥጋሪ መረቡን ዘርግቶ የሚያደርቅበት።

አባቴ አዝመራው ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤
የባሕር ዳርን ግንብ፣ የባሕር ዳርን አጥር፣
"ግማሹን እኔ ነኝ" ይል ነበር ሲያወራ፤
(እውነቱን ለመናገር ቆጥሬለት አላውቅም፣
ግን ብዙ አጥር ሠራ።)
"ይህን ነቀዝ በላው" ይለኛል ቀዳዳውን
በትንሿ ጣቱ እየጎረጎረው፤
"ድንጋይም እንደ እህል፣ ሲቆይ በጎተራ፣
ይነቅዛል፤ ምን ይደረግ፣ የፈጣሪ ሥራ።"

አመንኩት። ልጅ ነኛ።
ከአጥር ሥር ቆሜ ነቀዙን ስጠብቅ፣
ብቅ ይላል ብዬ ቀዳዳውን ሳጮልቅ፣
ደወል ተደውሎ ስንት ቀን ረፈደኝ፤
መምህር ቢገርፈኝም ነቀዙ አልወጣልኝ።

ኋላም ሳድግለት፣ መዶሻ አልያዝ ብዬ፣
ቀበሌ ተቀጥሬ ማኅተም ስመታ ውዬ
ስገባ በማታ፣ መዳፌን ያየዋል፤
"እሳት አመድ ወለደ" ብሎኝ ይተኛል።

ዘንድሮ በግንቦት የእህቴ ልጅ ጥሩአየሁ፣
የሥነ ምድር ትምህርት ሦስተኛ ዓመቷ ነው፣
"ተነሥ አጎቴ" አለች፣ "ቅዳሜን አትተኛው፤
የሰፈርህን ድንጋይ ና ዛሬ እወቀው።"

ከባጃጅ ወረድን። ጣና ጎድሎ ነበር፤
ድንጋዩ ጀርባውን አውጥቶ ከውኃው ዳር
እንደ ጉማሬ ይሞቃል፤
ሰው የማይፈራ ሻላ ጫፉ ላይ ቆሞ ያያል፤
ደንገል የጫነ ታንኳ በሩቁ ይታያል።
ከቦርሳዋ ወጣ፣ እጀታው ያጠረ፣
መዶሻ። ዝም አልኩ።
እኔን ዘሎ ሄዶ እሷ ጋ አደረ።

"ይህ ሁሉ" አለችኝ፣ ድንጋዩን ረግጣ፣
"እሳት ነበር ድሮ፣ ከምድር ሆድ የወጣ፤
እንደ ገንፎ ወፍሮ ቁልቁል እያዘገመ፣
ሸለቆውን ሞልቶ ወንዙ ፊት ላይ ቆመ።
ውኃው መውጫ ቢያጣ ወደ ኋላ ተኛ፤
ጣና ያልነው ይህ ነው፣ የታገደው መንገደኛ።"

"ቀዳዳውስ?" አልኳት፣ መልሱን እየፈራሁ።
"ትንፋሹ ነው" አለች።
"በሆዱ አየር ነበር፤ ሊያመልጥ ሲል በአረፋ
ድንጋዩ ቀዝቅዞ ቀደመው፤
አረፋው ባለበት ቤት ሠርቶ ተደፋ።
ከፊሉ ሳይወጣ እስካሁን ተዘግቷል፤
ስትፈልጠው ነው እንጂ መች በር ያገኛል?"

ነቀዝ አይደለም እንግዲህ።

ሳቅ መጣብኝ፤ ቀጥሎ ሳቄ ተመለሰ።
ትዝ አለኝ ያ ክረምት፣ ሳሉ እየባሰ፣
ሐኪሙ ራጁን በመብራት ላይ ሰቅሎ፣
"የድንጋይ ብናኝ ነው" ያለኝ ቀስ ብሎ።
ጥቁር ላይ ነጠብጣብ። ያኔ አልገባኝም፤
ይህንን ድንጋይ ነው የሚመስል አላልኩም።

አርባ ዓመት ሙሉ አባቴ ሲፈልጠው፣
የእሳቱን ትንፋሽ አንድ በአንድ ሲፈታው፣
የራሱን ትንፋሽ በልዋጩ ሲሰጠው፤
ተለዋወጡ እንጂ፣ ማንኛው ማንን በላው?

ከታች ጢስ ዓባይ አለ። ውኃን ጢስ ያለው ሰው፣
እሳቱን ሳያየው እንዴት አሸተተው?

እና አባዬ፣ ስማ፦ እሳት አመድ ብቻ አይወልድም።
እሳት ድንጋይ ወልዷል፤
ድንጋዩ ይህን ሁሉ ባሕር አዝሏል፤
እኔ ግን አመድ ነኝ፣ ያ አልተለወጠም።

መዳፏን እንትፍ ብላ እጀታውን ጨበጠች፤
(ይህን ማን አሳያት? አያቷን ሳታውቅ አደገች።)
አፏን በጭምብል ሸፍና ለእኔም አንድ ሰጠች፤
"ራቅ በል፣ አጎቴ።"

ትንፋሼን ያዝኩ።
አንድ ጊዜ መታች።
ድንጋዩ ለቀቀ።